እህቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ጣላት፤ መድኃኒት አሁኑኑ ትጀምር ወይስ እንጠብቅ?

የማራኪው (ጠያቂ)

ሰላም ወገኖች። የሕክምና ዕውቀት ያላችሁም፣ በቤታችሁ ያያችሁም እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ።

ታናሽ እህቴ 18 ዓመቷ ነው። የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ፈተናው ስለደረሰ ሌሊቱን በጥናት ነው የምታነጋው። ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ከእንቅልፏ ተነስታ ፊቷን ልትታጠብ ስትወጣ በር ላይ ወደቀች። እኔ የደረስኩት ጩኸት ሰምቼ ነው። መላ አካሏ ግትር ብሎ ነበር። ከዚያ እጅና እግሯ ይንዘፈዘፍ ጀመር። ዓይኗ ተገልብጧል፤ አረፋ ደፍቃለች፤ ሽንቷም አምልጧታል። ለኔ ዘላለም ነው የሆነብኝ፤ ጎረቤታችን ግን ‹‹ሁለት ደቂቃ አይሞላም›› ትላለች። ከለቀቃት በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል የት እንዳለች አታውቅም ነበር። ምላሷ በጎን በኩል ተነክሶ ደምቷል።

ጎረቤት ተሰበሰበ። አንዷ ክብሪት ለኩሳ አፍንጫዋ ሥር ያዘች። ሌላዋ ቁልፍ አስጨበጠቻት። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ጥርሷን በማንኪያ ካልከፈትኩ ብለው ሲታገሉ ነበር።

በባጃጅ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ስኳሯ ደህና ነው። ትኩሳት የላትም። ወባም፣ እርግዝናም የለም። ከዚያ ወደ ሆስፒታል ተላክን። ሲቲ ስካን ተነስታ ‹‹ምንም የለም›› ተባለ። ያያት ሐኪም ‹‹አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ የሚጥል በሽታ አንለውም፤ ጠብቀን እንይ›› አለን። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ዘመዳችን ግን ‹‹ምን ያስጠብቃችኋል? ካርባማዜፒን ልስጣችሁና ትጀምር›› ይላል። እናቴ ጠበል ትላለች። አባቴ ደግሞ ‹‹ለማንም እንዳትናገሩ፤ የልጅቱን ዕድል ትዘጋላችሁ›› ብሎናል።

ማንን እንስማ? ኢኢጂ የሚባለው የአንጎል ምርመራስ የግድ ነው? ዋጋውን ስሰማ ደንግጫለሁ።

ኮሶዬ

እግዜር ይማራት ወንድሜ። አይዞህ።

ነርስ ከደባርቅ

ዋናውን ጥያቄ የሚያውቁት ይመልሱልህ። እኔ ስለ ማንኪያው ዝም ማለት አልቻልኩም።

ሰው ሲጥለው አፉ ውስጥ ምንም አይገባም። ማንኪያም፣ ጣትም፣ ውኃም። ምላስ ተውጦ አያውቅም፤ ይህ ወሬ ነው። በማንኪያ የሚሰበረው ጥርስ ግን እውነት ነው፤ ስብርባሪው ወደ አየር ቧንቧ ይገባል። የክብሪቱ ጭስ ምንም አያደርግም። የሚነቃው መንቀጥቀጡ በራሱ ጊዜ ስለሚያበቃ ነው፤ ምስጋናውን ክብሪቱ ይወስደዋል። ቁልፉም እንደዚያው።

የሚሠራው ቀላል ነው። ሰዓት ያዙ። ድንጋዩን፣ ወንበሩን፣ ምድጃውን ከአጠገቧ አርቁ። ከጭንቅላቷ ሥር ነጠላ ወይም ጃኬት አድርጉ። አንገቷ ላይ የጠበቀ ነገር ካለ ፍቱ። አትያዟት፤ ጉልበተኛ ሰው በግድ ሲይዝ ትከሻ ያወልቃል። መንዘፍዘፉ ሲቀንስ በጎኗ አስተኟት፤ አረፋውም ምራቁም ወደ ውጭ ይፍሰስ። እስክትነቃ አጠገቧ ሁኑ። ስትነቃ ግር ስለሚላት አትጩኹባት።

5 ደቂቃ ካለፈ ግን ጨዋታ የለም፤ ወደ ሆስፒታል። አንዱ ሳይለቃት ሌላው ከተደረበም እንደዚያው። ውኃ ውስጥ ከሆነች፣ ነፍሰ ጡር ከሆነች፣ ወይም ስትወድቅ ጭንቅላቷን ክፉኛ ከተመታች ደቂቃ አትቁጠሩ።

ቆላ ድባ ጤና መኮንን

የማራኪው፣ እግዜር ይማራት። አንተ የጻፍከው ታሪክ ከሲቲ ስካኑ በላይ ይናገራል፤ ይህን ልብ በል። ብዙ ቤተሰብ ‹‹ወደቀች፣ ተነሳች›› ብሎ ብቻ ይመጣል። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ማንም ሐኪም የረባ ነገር ማለት አይችልም።

መጀመሪያ የሚጠየቀው በእርግጥ የሚጥል ነገር ነው ወይ የሚለው ነው። ቅዳሴ ላይ ረጅም ሰዓት ቆማ በጾም አንጀቷ የወደቀች ልጅ ሌላ ናት። እሷ ቀድሞ ዓይኗ ይጨልምባታል፤ ላብ ያሰምጣታል፤ ፊቷ ይገረጣል። ወድቃም ትንሽ ልትንቀጠቀጥ ትችላለች። ግን በሰከንዶች ውስጥ ትነቃለች፤ ስሟንም ያለችበትንም ታውቃለች። ያንተ እህት ግትር ብላለች፤ ምላሷን በጎን ነክሳለች፤ ግማሽ ሰዓት ግር ብሏታል። ይህ ራስን መሳት አይመስልም።

ቀጥሎ የቀሰቀሰው ነገር አለ ወይ ይባላል። የስኳር ማነስ፣ የደም ጨው መዛባት፣ ማጅራት ገትር፣ የጭንቅላት ምት፣ በእርግዝና ጊዜ የደም ግፊት። ከመተማ ወይም ከሁመራ ለመጣ ሰው ወደ አንጎል የወጣ ወባ። ለዓመታት በየቀኑ አረቄ ሲጠጣ ኖሮ ድንገት ያቆመ ሰው ደግሞ ባቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊጥለው ይችላል። ወጣት ሲሆን ደግሞ ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ይወስድ እንደሆነ መጠየቅ ግዴታ ሆኗል። እነዚህ ላይ መታከም ያለበት መነሻው ነው፤ ‹‹የሚጥል በሽታ አለብህ›› ተብሎ ለዓመታት ክኒን አይሰጥም። ጤና ጣቢያው ስኳሩን፣ ወባውን፣ እርግዝናውን ማየቱ ስለዚህ ነው። ደግ አድርገዋል።

አሁን ወደ ሐኪሙ ቃል። ‹‹አንድ ጊዜ ብቻ ከሆነ›› ያለው ስህተት አይደለም፤ ግን ግማሹ ነው። የዓለም አቀፉ የኤፒለፕሲ ማኅበር በ2014 ያወጣው ትርጉም እንዲህ ይላል፦ ያለ ቀስቃሽ ሁለት ጊዜ፣ ከ24 ሰዓት በላይ ተራርቆ ከጣለ የሚጥል በሽታ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ቢሆንም በሚቀጥሉት 10 ዓመታት የመደገሙ ዕድል 60 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ታሪኩ ከታወቁት የበሽታው ዓይነቶች ከአንዱ ጋር ከገጠመ፣ ያም የሚጥል በሽታ ነው።

በደፈናው ስናየው፣ ያለ ቀስቃሽ አንድ ጊዜ ከጣላቸው አዋቂዎች በሁለት ዓመት ውስጥ የሚደገምባቸው ከ21 እስከ 45 በመቶ ናቸው። ማለትም ብዙዎቹን በዚያ ጊዜ ውስጥ አይደግማቸውም። ወዲያው መድኃኒት መጀመር የቅርቡን አደጋ ይቀንሳል፤ የሩቁን ዕጣ ግን አይለውጥም። ሐኪሙ ‹‹እንይ›› ያለው ከዚህ ተነስቶ ይሆናል።

ግን አንድ ያልተጠየቀ ነገር አለ። እህትህን ለብቻዋ፣ አባታችሁ በሌሉበት ጠይቃት። ጠዋት ስትነሳ እጇን ወይም ትከሻዋን ድንገት ንጥቅ ያደርጋታል? የያዘችው ነገር ከእጇ ይፈናጠራል? ወሬ እየሰማች ድንገት ፈዝዛ ትቀርና የተባለው ያመልጣታል? የሌለ ሽታ ይሸታታል? ከሆዷ ወደ ላይ የሚወጣ እንግዳ ስሜት አለ? በቤተሰቡ ሌላ የሚጥለው ሰው አለ?

መልሱን እስክታገኝ ካርባማዜፒኑን አታስጀምሩ። ምክንያቱን ያኔ እነግርሃለሁ።

ሳሙና በር

ይቅርታ፣ ጤና መኮንን ስለ አንጎል ምን ያውቃል? ወንድሜ አዲስ አበባ ውሰዳት። በዚያ ላይ ክኒኑ ሱስ ያስይዛል፤ አንዴ ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው። አጎቴ ክኒኑን ጥሎ ጠበል ገብቶ ነው የዳነው።

ቆላ ድባ ጤና መኮንን

ሳሙና በር፣ የጎንደር ልጅ ከሆንክ ይህን ሙያ አትናቀው። በ1954 እ.ኤ.አ. የጎንደር ኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ ሲከፈት አገሪቱ የመጀመሪያዎቹን ጤና መኮንኖች ማሠልጠን የጀመረችው እዚሁ ከተማህ ነው። ገጠር ላለ ታካሚ ኒውሮሎጂስት (የአንጎልና የነርቭ ሐኪም) ብርቅ ነው። በጤና ጣቢያ ደረጃ እኛና ነርሶች ካልያዝነው ማንም አይይዘውም። የሚያስቸግረውን እንልካለን፤ ይቺን ልጅም ኒውሮሎጂስት ቢያያት እመርጣለሁ። እሱም ቢሆን መጀመሪያ የሚጠይቀው ‹‹ምን አያችሁ?›› ብሎ ነው።

ዲያቆኑ

ስለ ጠበሉ እኔ ልመልስ። እናትህ ጠበል ካለች ውሰዳት፤ ማን ይከለክላል? ክኒኑን ጣሉ የሚል ግን ጠበሉ አይደለም፤ ሰው ነው። ጠበልና መድኃኒት አይጣሉም። ባዶ ሆድ መጠመቅ የምትፈልግ ሰው የማታውን ክኒን ማታ፣ የጠዋቱን ከጠበል መልስ ልትወስድ ትችላለች። ሰዓቱን ከሐኪሟ ጋር ትነጋገር። የታመመ ሰው መድኃኒት በመውሰዱ ጾሙ ፈረሰ አይባልም፤ የቸገራት ነገር ካለ የንስሐ አባቷን ትጠይቅ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ጠበል ቦታ ውኃ አለ፣ ገደል አለ፣ ግፊያ አለ። ብቻዋን አትሂድ። የሚጥለውን ሰው የሚያስሩና የሚገርፉም አሉና እንዳታስነኳት።

ፋርማሲስት ከፒያሳ

ሳሙና በር የጻፈው ስላስፈራኝ ነው የገባሁት። የሚጥል በሽታ መድኃኒት በአንድ ቀን አይጣልም። በተለይ ፌኖባርቢታል። ድንገት ያቆመ ሰው ሳይለቀው ለረጅም ጊዜ ሊጥለው ይችላል፤ ይገድላል። አጎትህ ተርፈዋል፤ ያልተረፉት ግን መጥተው ምስክርነት አይሰጡም።

‹‹ዕድሜ ልክ›› የሚለውም ለሁሉም አይሠራም። ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይጥለው የቆየ ሰው ከሐኪሙ ጋር ሆኖ በወራት ቀስ እያለ ሊቀንስ የሚችልበት ሁኔታ አለ። የማይቆምባቸው ዓይነቶችም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ትክክለኛውን መድኃኒት በአግባቡ ከወሰዱ 70 በመቶ የሚሆኑት ሕሙማን ሳይጥላቸው መኖር ይችላሉ።

ለጠያቂው ዘመድ፦ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ካርባማዜፒን ማደል ተገቢ አይደለም። በሙያ ባልደረባነት ነው የምለው።

የአዘዞዋ እናት

ልጄ፣ እኔ ያልተማርኩ ነኝ፤ ሌላ ሰው ነው የሚጽፍልኝ። ግን ይህን በሽታ አውቀዋለሁ። ሴት ልጄን ምድጃ አጠገብ ጣላት። ቡና ልታፈላ ነበር። ሰው ነበረ፤ ግን ‹‹አረፋው ይጋባል›› ብለው አልነኳትም። እጇ እሳቱ ውስጥ ቆየ። እኔ ከገበያ ስደርስ ነው የሳብኳት። እጇ አልተዘረጋም እስከ ዛሬ።

አይጋባም ልጄ። ስንት ዓመት ምራቋን ጠርጌያለሁ፤ አቅፌያት ተኝቻለሁ። ለጎረቤት ሁሉ ይህን ንገሩልኝ። አባትየው ደብቁ ማለቱ ይገባኛል፤ ሴት ልጅ ናት፤ ትዳር አለ። ግን የደበቁት ሰው ሲወድቅ ማን ያነሳዋል?

አሁን ክኒኗን ማታ ማታ ትውጣለች። ከዋጠች ወዲህ ቀንሶላታል። እሳት ግን ብቻዋን አላስነካትም። ቡናውን በከፍታ ላይ ባለ ምድጃ ነው የምታፈላ፤ ሰው ሲኖር። እንጀራውን እኔ እጋግራለሁ። ውኃም ከጉድጓድ አትቀዳም።

ጃንተከል

እናቴ፣ እጅዎን እስማለሁ።

ባጃጅ 18

ከርዕሱ ወጣ ልበልና፣ የኔ ልጅ የሁለት ዓመት ነው። ትኩሳት ሲይዘው አንቀጠቀጠው። እሱም ያው ነው?

ነርስ ከደባርቅ

ያው አይደለም። ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜ ትኩሳት የሚያመጣው መንቀጥቀጥ የተለመደ ነው፤ አብዛኞቹ ሲያድጉ ይተዋቸዋል። የዕለት ክኒንም አያስፈልጋቸውም። ግን ትኩሳቱ ከምን እንደመጣ መታየት አለበት፤ ማጅራት ገትርም ወባም በዚያው ይመጣሉና። ከ15 ደቂቃ በላይ ከቆየ፣ በቀን ውስጥ ከተደጋገመ ወይም ባንድ ጎን ብቻ ከሆነ ለሐኪሙ ለይተህ ንገር።

የማራኪው (ጠያቂ)

ተመለስኩ። ጤና መኮንን፣ ጥያቄህን ስጠይቃት ምን እንዳለችኝ ልንገርህ። መጀመሪያ ሳቀች። ‹‹እሱማ ድሮም አለ›› አለች።

ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ጠዋት ጠዋት እጇን ንጥቅ ያደርጋታል። በተለይ ሌሊት አጥንታ ካደረች። ሲኒ ይወድቅባታል፤ የጥርስ ብሩሽ ይፈናጠርባታል። እናቴ ‹‹ሲኒ ጨረሽብኝ›› እያለች ስትቆጣት እኔ ራሴ ሰምቻለሁ። ማንም በሽታ ነው አላለም። የወደቀችበት ቀን ጠዋትም መጀመሪያ እጇን ደጋግሞ ንጥቅ ንጥቅ አድርጓት ነበር። ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። የአባቴ እህትም በልጅነታቸው ይጥላቸው እንደነበር እናቴ በሹክሹክታ ነገረችኝ። አባቴ ለምን ዝም እንደሚል አሁን ገባኝ።

ቆላ ድባ ጤና መኮንን

በል እንግዲህ። ‹‹የመጀመሪያ›› ያላችሁት የመጀመሪያ አልነበረም። ሲኒው ሲወድቅ ነበር የጀመረው።

በጉርምስና ዕድሜ የሚጀምር፣ ጠዋት ጠዋት እጅን ንጥቅ የሚያደርግ፣ በእንቅልፍ እጦት የሚብስ የታወቀ ዓይነት አለ። አብዛኛውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ዓመት ባለው ይጀምራል። ብዙ ሰው ንጥቅታውን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ወደ ሐኪም የሚመጣው ትልቁ ሲጥለው ነው፤ ብዙ ጊዜም በፈተና ሰሞን ወይም ሰርግ ቤት አድሮ በነጋታው። አልኮልም ይቀሰቅሰዋል። የአእምሮ ችሎታን አይነካም፤ በሲቲም በኤምአርአይም ምንም አይታይም። ስለዚህ ‹‹ሲቲው ንጹሕ ነው›› መባሉ ምንም አልለወጠም።

እኔ በኢንተርኔት ምርመራ አልሰጥም። ግን ይህን ታሪክ ልክ እንደጻፍከው በወረቀት ይዘህ ኒውሮሎጂስት ጋ ሂድ። ነገሩ ይህ ከሆነ ሁለተኛው እስኪጥላት አይጠበቅም።

ካርባማዜፒን ተው ያልኩህ ለዚህ ነው። ለሌላ ዓይነት ጥሩ መድኃኒት ነው፤ ካንድ የአንጎል ክፍል ለሚነሳው። ለዚህኛው ግን ንጥቅታውን ሊያብሰው ይችላል። ፌኒቶይንም እንዲሁ። ዘመድህ ክፉ አስቦ አይደለም፤ ዓይነቱ ሳይታወቅ መድኃኒት መምረጥ ግን ይህን ያመጣል።

ኢኢጂን በተመለከተ፦ ከቻላችሁ አድርጉት፤ ግን ሙሉ በሙሉ አትመኩበት፤ አትፍሩትም። የሚጥል በሽታ ካለባቸው ሰዎች በግማሾቹ ላይ የመጀመሪያው ኢኢጂ ደህና ነው ሊል ይችላል። ባልዘነበበት ሰዓት ሰማይ አይቶ ክረምት አልገባም እንደማለት ነው። የሚረዳው ዓይነቱን ለመለየትና የመደገሙን ዕድል ለመገመት ነው። እንቅልፍ አጥታ ብትነሳው የመገኘት ዕድሉ ይጨምራል። ግን ‹‹አትተኚ›› የሚላት አንሺው ክፍል እንጂ እናንተ አትሁኑ፤ በዚያች ሌሊትና ጠዋት ሰው አይለያት።

ደግሞ እንደገና ካጋጠማት በስልክ ቅረጹ። ሰውየው ‹‹ሰው እየወደቀ ቪዲዮ!›› ብሎ ይቆጣል። ይቆጣ። አንዱ በጎኗ ያስተኛታል፤ ሌላው ይቀርጻል። ያቺ አንድ ደቂቃ ቪዲዮ ለሐኪም ወርቅ ናት።

ፋርማሲስት ከፒያሳ

መድኃኒት ሲመረጥ ሴት መሆኗ መነሳት አለበት። ለዚህ ዓይነት በጣም የሚሠራው ቫልፕሮት ነው። ግን የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 መመሪያው ልጅ መውለድ ለምትችል ሴት አይመከርም ብሏል። በእርግዝና ከወሰዱት እናቶች ከሚወለዱ 10 ሕፃናት አንዱ ገደማ የአካል ጉድለት ይኖረዋል፤ ከ10 ሦስት አራቱ የዕድገትና የትምህርት ችግር ይገጥማቸዋል። 18 ዓመቷ ነው፤ ዛሬ ‹‹ገና ተማሪ ናት›› ብለን የምናልፈው ነገር አይደለም። ‹‹ሌቬቲራሲታምስ?›› ብላችሁ ጠይቁ። ዋጋው ከፌኖባርቢታል ይወደዳል፤ አንዳንድ ሰውም ላይ ንዴትና ሆደ ባሻነት ያመጣል፤ ቤተሰብ ይህን ይወቅ። አሁን ቫልፕሮት እየወሰደች ያለች እህት ይህን አንብባ በገዛ እጇ እንዳታቆም፤ ሐኪሟን ታነጋግር። እርግዝና የምታስብ ሴት ፎሊክ አሲድ ቀድማ መጀመር አለባት።

ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ፦ ካርባማዜፒን፣ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታል የወሊድ መከላከያ ክኒንንና ክንድ ላይ የሚቀበረውን ያዳክማሉ። ሉፕንና የሦስት ወሩን መርፌ እንደዚያ አያደርጉም። ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱም የሚጥል በሽታ ክኒን ለሐኪማችሁ ሳትነግሩ አትጀምሩ፤ እርስ በርስ ይነካካሉ።

አቅም ለሌለው ሰው ፌኖባርቢታል አሁንም ባለውለታ ነው። ከ1912 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለዚህ በሽታ ሲሰጥ ኖሯል። ብዙ ጊዜ በቀን አንዴ ማታ ነው የሚወሰደው፤ በዐቢይ ጾምም በረመዳንም አያስቸግርም። መጀመሪያ ላይ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላል። ማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ያላችሁ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ክኒኑ የመጨረሻው ፍሬ እስኪቀር አትጠብቁ፤ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል።

መምህር ከቀበሌ 18

እኔ ራሴ የሚጥለኝ ሰው ነኝ። መምህር ነኝ፣ አግብቻለሁ፣ ልጆች አሉኝ። ይህን የምጽፈው ለአባትህ ነው።

ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባደረጉት ጥናት ከ1000 ሰው 5 ያህሉ ይህ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። ለጎንደርም ይህን ሒሳብ ብንወስድ፣ እኔ የማስተምርበትን የሚያክል ትምህርት ቤት ውስጥ በርካታ ልጆች አሉ ማለት ነው። እኔ የማውቀው ግን አንድም የለም። ሁሉም ቤት አባትህ ያለውን ብሏል።

ለዓለም ሁሉ ንገሩ አልልም። የምታምናቸው ጥቂት ሰዎች ይወቁ፤ ክፍል ውስጥ አብራት የምትቀመጠው ልጅ፣ አንድ መምህር። እኔ ጋ መጀመሪያ ያወቀችው ባለቤቴ ናት፤ ከመጋባታችን በፊት ነግሬያታለሁ። ‹‹ምን ላድርግ ሲጥልህ?›› ብላ ነው የጠየቀችኝ። ሌላ ጥያቄ አልነበራትም።

የተውኳቸው ነገሮች አሉ። ሞተር ሳይክል አልነዳም። ጣሪያ ላይ አልወጣም። ስታጠብ በሩን ከውስጥ አልቆልፍም። ጥምቀት ላይ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀቱ ተባርኮ ጎረምሳው ሁሉ ዘሎ ሲገባ እኔ ዳር ቆሜ ነው የምረጨው። በልጅነቴ ይህ ያበሳጨኝ ነበር፤ አሁን ልጆቼ በላዬ ላይ ውኃ ሲያርከፈክፉ በቂዬ ነው። ቢራም ትቻለሁ፤ ጠላውን ለወግ ያህል እቀምሳለሁ። ከሁሉ የከበደኝ እንቅልፍን ማክበር ነው። ለቅሶ ቤት ማደር እንኳ አልችልም፤ ሰው ደግሞ ይታዘባል።

ሳሙና በር

መምህር፣ አነበብኩት። አጎቴ ለካ አሁንም አልፎ አልፎ ይጥላቸዋል፤ ደውዬ ጠየቅኩ። የት ጤና ጣቢያ ነው የምወስዳቸው?

ቆላ ድባ ጤና መኮንን

ቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ ይበቃል። ድሮ ይወስዱት የነበረው ክኒን ካርቶኑ ካለ ይዘህ ሂድ። የድሮውን መጠን ግን በራሳቸው እንዳይጀምሩ።

የማራኪው (ጠያቂ)

ላደረጋችሁት ሁሉ አመሰግናለሁ። ኒውሮሎጂስት አይቷታል። ወረቀቱን አንብቦ ሲጨርስ ‹‹ማን ነው የጻፈው?›› አለ፤ ከዚያ እሷን ራሷን ስለ ሲኒው ብዙ ጠየቃት። ኢኢጂም ተነስታለች፤ ሌሊቱን አብሬያት ነው ያደርኩት። ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ፊት ለፊቷ አድርገው ነበር። ውጤቱ ጤና መኮንን የጠረጠርከውን ነው የሚለው። ሌቬቲራሲታም ጀምራለች፤ ጠዋትና ማታ ነው። እስካሁን ትንሽ ትነጫነጫለች፤ ከፈተናው ይሁን ከክኒኑ አልለየንም። እናቴ ከጠበል መልስ ክኒኑን እሷው ናት የምታውጣት። አባቴ የመምህሩን ጽሑፍ ስልኬ ላይ አነበበ። ምንም አላለም፤ ግን እህቱ ጋ ደወለ።

አሁን የቀረኝ ፈተናው ነው። ዩኒቨርሲቲ ገብተው ዶርም አድረው ነው የሚፈተኑት። ፍተሻው ጥብቅ ነው፤ ክኒኑን ቢቀሟትስ? ሌሊት እንዳታጠናስ ማን ይከለክላታል?

መምህር ከቀበሌ 18

አሁኑኑ ከሐኪሟ በማኅተም የተደገፈ ወረቀት አስጽፍ፦ ምን እንደምትወስድ፣ በስንት ሰዓት። ለትምህርት ቤቷ ርእሰ መምህር ቀድመህ ስጥ፤ አንዱን ቅጂ እሷ ትያዝ። እኔ ለፈተና አስተባባሪነት ስሄድ ያየሁት ችግር ቀድሞ ያልተነገረ ነገር በር ላይ ሲነሳ ነው። አልጋዋ የታችኛው ይሁን፤ ተደራራቢ አልጋ ላይ ከላይ እንዳትተኛ። አብራት የምትሄድ አንድ ጓደኛዋ በጎን ማስተኛቱን ትልመድ።

ፋርማሲስት ከፒያሳ

ክኒኑን ከነካርቶኑ ትያዝ፤ በላስቲክ ጠቅልላ አይሁን። ከሚያስፈልጋት ቀን ትንሽ ትርፍ ይኑራት። የጠዋቱን ከረሳች እንዳስታወሰች ትዋጥ፤ የማታው ከደረሰ ግን ሁለቱን ደርባ አትውሰድ።

ቆላ ድባ ጤና መኮንን

ሌሊት ጥናቱን በተመለከተ ለእሷው ንገራት፤ ለናንተ ሳይሆን ለራሷ ነው የምትቆጣጠረው። ከምሽቱ 4 ሰዓት መተኛት፣ ሌሊት 10 ሰዓት ተነስቶ ማጥናት ከፈለገች እሱ ይሻላል። ንጥቅታው አሁንም ካለ ከፈተናው በፊት ለሐኪሟ ትንገረው፤ መጠኑ ገና ሊስተካከል ይችላል።

የማራኪው (ጠያቂ)

ንጥቅታው ሁለት ጠዋት ብቻ እንደታያት ነግራኛለች። ሰኞ ቀጠሮ አላት፤ ወረቀቱንም ያኔ አስጽፋለሁ። ጓደኛዋ ደግሞ ትናንት ቤት መጥታ እኔን መሬት ላይ አጋድማ ስትለማመድ ዋለች።

ኮሶዬ

😂 ጎንህን አደራ።